ምላሴ ሥራ የለቀቀች ዕለት

ምላስ ይደክማል ብላችሁ ታምናላችሁ? እግር ሲደክም አይተናል። ዓይንም ይደክማል፤ መነጽር ሻጮች ይመስክሩ። ምላስ ግን፣ በተለይ የኔዋ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አርፋ የማታውቅ ፍጥረት ስለሆነች ድካም ይነካታል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ባለቤቴን አስናቀችን ብትጠይቋትም ይህንኑ ነው የምትላችሁ። "ይሄ ሰውዬ እኮ ተኝቶም ያወራል" ትላለች። እውነቷን ነው፤ አንድ ጊዜ በእንቅልፌ ከታክሲ ረዳት ጋር ስጣላ ቀስቅሳኛለች።

ለነገሩ ምልክቱን ቀደም ብዬ ማየት ነበረብኝ። አዲሱ ገበያ አካባቢ ካለች አንዲት ግሮሰሪ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ቁጭ ስንል የሚሆነውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ቢራ ስናዝ ሁላችንም ሊቆች ነን። አንዱ "እኔ ከዚህችኛዋ ሌላ አልነካም፣ ያቺኛዋ ራሴን ታሳምመኛለች" ይላል። ሌላው ጠርሙሱን በመዳፉ እየዳሰሰ "ቅዝቃዜዋ አንሷል፣ ቀይሪልኝ" ብሎ ይመልሳል። ሁለተኛው ላይ ትንሽ እንለሳለሳለን። አራተኛው ላይ አስተናጋጇ መጥታ "የናንተዋ አልቃለች፣ ሌላ ላምጣ?" ስትል ሁላችንም በአንድ ድምፅ "አምጪ ባክሽ፣ ያው ቢራ አይደለች!" እንላለን። ይህን ሁሉ ዓመት ልባችን ስለሚሰፋ ይመስለኝ ነበር። ለካ ምላሳችን ሥራ ለቅቃ ወደ ቤቷ ሄዳ ኖሯል።

በሉ ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ እኔ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም።

ሰፈራችን ከአዲሱ ገበያ ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። እትዬ ወርቄ የምንላቸው ትልቅ ጎረቤታችን የመጨረሻ ልጃቸውን ሊድሩ ነበር። የሰፈራችን ሠርግ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ጠላው አንድ ቤት አይጠመቅም። ጌሾና ብቅሉ ለአምስት ሴቶች ይከፋፈልና እያንዳንዷ በየቤቷ አንድ አንድ በርሜል ትጠምቃለች። በዋዜማው አምስቱም እትዬ ወርቄ ግቢ ይመጡና ይቀመሳሉ። ከሁሉ የበለጠችው በርሜል ለወንድ ወገን ሽማግሌዎች ትቀመጣለች፣ የቀሩት አራቱ ድንኳን ውስጥ ላለነው ለተራዎቹ ናቸው።

ይህን ነገር ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት። ሽማግሌዎቹ ፊት የቀረበችው ጠላ ባለቤት እስከሚቀጥለው ሠርግ ድረስ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የምትሄደው። ሴቶቹ ታዲያ በአፋቸው እንዲህ አይሉም። "የኔማ ምን ትረባለች፣ ዘንድሮ ጌሾው አልተስማማኝም" ነው የሚሉት። እውነት መስሏችሁ "አዎ፣ ትንሽ ቀጠነች መሰለኝ" ብትሉ ግን የዚያችን ሴት በር ሁለተኛ አታንኳኩም።

የኔዋ አስናቀች ከነዚህ ከአምስቱ መሀል ገብታ አታውቅም ነበር። ምክንያቱም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የትንሹ ልጃችን ክርስትና ዕለት የጠመቀችው ጠላ ኮመጠጠባት። እንግዳው ሁሉ አንድ ጊዜ ጎንጨት እያለ፣ ዓይኑን ጭፍን አድርጎ "ልጁን ያሳድግላችሁ" ብሎ ሄደ። ስለ ጠላው አንድም ሰው ምንም አላለም፤ ክፋቱም ይሄው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰፈር ውስጥ ድግስ በመጣ ቁጥር፣ ሥራ ሲከፋፈል፣ "አስናቀች ሽንኩርት" ይባላል። ሠርግ ሲሆን ሽንኩርት። ምርቃት ሲሆን ሽንኩርት። ሚስቴ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሰው ደስታ ላይ እያለቀሰች ኖረች።

ዘንድሮ ግን ከጠማቂዎቹ አንዷ ወድቃ እጇ ተጎዳና ቦታዋ ክፍት ሆነ። እትዬ ወርቄ ቆም ብለው ካሰቡ በኋላ "እስቲ አስናቀች ትሞክራት" አሉ። አስናቀች ቤት ገብታ "ሽንኩርቱን ማን ሊከትፍላቸው ነው ታዲያ?" አለችኝ። አፏ ይህን ይበል እንጂ ፊቷ በርቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የበርሜሉ ሆነ፣ እኛ ጥገኞች ሆንን። በርሜሉን በግራዋ ቅጠል አጠበችው፣ በወይራ አጠነችው፣ ደግማ አጠነችው። ድፍድፉ እንዳይበርደው ብላ ብርድ ልብስ አለበሰችው፤ የኔን ብርድ ልብስ። "እኔስ አይበርደኝም?" ብላት "አንተ ትልቅ ሰው አይደለህ!" አለችኝ። አንድ ጉንጭ እንኳ አላስቀመሰችኝም። "ቀድመህ ከቀመስካት አውቋት አዳላላት ይሉኛል" አለች። ምክንያቱም የዘንድሮው ቀማሽ እኔ ነበርኩ።

ማን ሾመህ እንዳትሉኝ፤ ራሴ ነኝ። ከወር በፊት ዕድር ላይ ተቀምጠን ወሬ ሲደራ፣ አንዲት ብርጭቆ ጠላ አንስቼ "እኔ እኮ አንድ ጉንጭ ቀምሼ የማን እጅ እንደሆነች ካልተናገርኩ ምን አለ በሉኝ!" አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር። እትዬ ወርቄ ይህን ሰምተው "እንግዲያማ የልጄን ሠርግ ጠላ አንተ ቀምሰህ ትመርጣለህ" አሉና ሥራው አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ። ለአስናቀችም ቤት ገብቼ "ያንቺንማ ከሺህ መሀል ባንድ ጉንጭ ነው የምለያት" ብዬ ፎከርኩላት። እሷም "እንግዲህ እናያለን" ብላ ሳቅ አለች። ጠላዋን ከቀመስኩ አሥራ አንድ ዓመት እንደሆነኝ ሁለታችንም አላነሳነውም።

"ሚስቱ ጠማቂ ሆና እሱ እንዴት ዳኛ ይሆናል?" ብላ የተነሳችው ሐረጓ ነበረች። ሐረጓ የሰፈራችን የጠላ እመቤት ናት፤ ጠላዋ ሽማግሌዎች ፊት ስንት ጊዜ እንደቀረበች ራሷም አታስታውሰውም። ስለዚህ ሁለት ነገር ተወሰነ። አንደኛ፣ ዓይኔ በነጠላ ይታሰራል። ሁለተኛ፣ የትኛዋ ብርጭቆ የማን እንደሆነች በወረቀት ጽፎ የሚይዘው ሰኢድ ይሆናል። ሰኢድ የኔ ጓደኛ፣ ቅመማ ቅመም የሚሸጥ ባለሱቅ ጎረቤታችን ነው። ጠላ ባፉ ዞሮ ስለማያውቅ ለማንም አያዳላም ብለው አምስቱም ሴቶች ተስማሙበት።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ ወርቄ ግቢ፣ በግማሽ የተተከለው ድንኳን ሥር ተቀመጥኩ። ዓይኔን ያሰረችው ሐረጓ ናት፤ እንዳላጭበረብር አጥብቃ ስታስረኝ ጆሮዬም አብሮ ታሰረ። ሰኢድ ጠጋ ብሎ በቀስታ "ስማ፣ እኔ በርበሬ ስገዛ ከሦስት ጆንያ በላይ ባንዴ አላሸትም። ከሦስተኛው በኋላ አፍንጫ ይዋሻል፤ ሁሉም አንድ ይሆንብሃል። ወላሂ፣ ምላስም እንደዚያው ነው። ጎንጨት እያደረግክ አቁም፣ በየመሃሉ በውሃ ተጉመጥመጥ፣ ከዳቦዋም ቁረስ" አለኝ።

"ጠላ ላይ ውሃ? አንተ ቀምሰህ የማታውቀውን ነገር ልታስተምረኝ ነው?" አልኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅመም ሲመርጥ ለኖረ ሰው እንዲህ ብዬ መለስኩለት እንግዲህ።

የመጀመሪያዋ ብርጭቆ መጣች። አንድ ጉንጭ ወሰድኩ። ምን ልበላችሁ! ጌሾዋ ምላሴን ነካ አድርጋ ዞር አለች፣ ከዚያ የብቅሏ ጣፋጭነት ቀስ ብሎ መጣ፣ መጨረሻ ላይ ወይራዋ አፍንጫዬ ውስጥ ቀረች። "ሰዎች፣ እንዲህ ያለች ጠላ ከቀመስኩ ስንት ዘመኔ!" አልኩ። "ይቺ የሐረጓ እጅ ናት! በዚህ ሰፈር እንዲህ አድርጋ የምትጠምቅ ሌላ ሴት የለችም!"

ግቢው ጭጭ አለ። ሰኢድ አሳለው። እኔ ግን ዓይኔ ታስሯል፤ ዝምታውን አድናቆት ነው ብዬ ተረጎምኩት።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ፤ ይህን ስህተት ደግሞ እናንተም ብትሆኑ ትሠሩት ነበር። ብርጭቆ ውስጥ ጠላ ማስቀረት ጠማቂዋን መናቅ ነው። ጠማቂዋ ማን እንደሆነች ስለማላውቅ ሁሉንም ማክበር ነበረብኝ። ጨለጥኳት። ስጨልጣት "በሞቴ ትደገም!" የሚል የሴት ድምፅ መጣ። በሞቴ ተብዬ እንዴት እምቢ እላለሁ? ደገምኩ። ሁለተኛዋ በርሜል ላይም እንደዚያው ሆነ፤ አንድ ለመቅመስ፣ አንድ ለበሞቴ። ሦስተኛዋ ላይ "በእመቤቴ" ተጨመረበት።

ሁለተኛዋን "ደህና ናት፣ ጌሾዋ ትንሽ ቸኩላለች" አልኩ፣ እስከዚያ ድረስ የምለው ነበረኝ። ሦስተኛዋን "ደህና ናት" ብቻ ብዬ አለፍኩ። አራተኛዋ ስትመጣ ብፈልግ ባስፈልግ ከሦስተኛዋ የምትለይበት ነገር ጠፋኝ። "ይቺ የሦስተኛዋ እህት ናት" አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ። ሰኢድ በጆሮዬ "ውሃ አስቀምጬልሃለሁ፣ እባክህ ተጉመጥመጥ" አለኝ። በእጄ ዞር በል አልኩት። ሲስቁልኝ ደግሞ እኔን የሚያቆመኝ የለም።

አምስተኛዋን ቀመስኩ። ምንም። መራራም አይደለች፣ ጣፋጭም አይደለች፣ ጭስም የላትም። ጨዋ ሰው ቢሆን "ወገኖቼ፣ አፌ ደነዘዘ፣ ትንሽ ልረፍ" ይል ነበር። እኔ ግን ማጣጣም ያቆመችው ምላሴ መናገሩን አላቆመችም። "ይህቺን የጠመቀች ሴት ጌሾውን ገዝታ ታክሲ ውስጥ ረስታዋለች!" አልኩ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። "ይቺ ጠላ አይደለችም፣ የጠላ ወሬ ናት! ድንኳኑን የሚተክሉት ልጆች እጃቸውን ይታጠቡባት!" ከሁሉም አብልጣ፣ ጭኗን እየመታች የምትስቀው ሐረጓ ነበረች፤ ድምፅዋን ለየሁት።

በዚያው ሞቅታ ስንት እንደቀመስኩ ቆጠራው ጠፋኝ። እጄን ዘርግቼ ጠረጴዛውን ስዳስስ አንዲት ብርጭቆ አገኘሁና ባንድ ትንፋሽ ጨለጥኳት። ይኸውላችሁ እንግዲህ! ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለች፣ ጉሮሮ የምታርስ። ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ "ይቺ ናት! ሽማግሌዎቹ ይቺን ይጠጡ! ሰኢድ፣ የማን እጅ ናት? ይነገረኝና እጇን ልሳም!" ብዬ ጮህኩ።

ሰኢድ "የቧንቧ ናት" አለ። "ለመጉመጥመጫ ያስቀመጥኩልህ ውሃ እኮ ነው። እሷም የመጣችው በአራተኛ ቀኗ ስለሆነ ብታደንቃት አልፈርድብህም።"

ሳቁን ልግለጽላችሁ አልችልም። እትዬ ወርቄ ሆዳቸውን ይዘው ወንበር ፈለጉ። ነጠላውን ከዓይኔ ሳወርድ ግን ሁሉም ከሚስቁበት መሀል አንዲት የማትስቅ ሴት አየሁ። አስናቀች ማንቆርቆሪያዋን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከበሩ ወጣች። ያቺ የጠላ ወሬ ያልኳት፣ ያቺ አምስተኛዋ፣ የሷ ነበረች ማለት ነው።

ተከትያት ቤት ስደርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በርሜሉን አልብሳው የነበረውን ብርድ ልብሴን ታጥፋለች። አጠገቧ ቆሜ ይቅርታዬን ጀመርኩ። "አስኒዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ምላሴ ደክማ ነው። አምስተኛዋ ያንቺ መሆኗን ባውቅ ኖሮ እንኳን ያን ሁሉ ልናገር..."

እጇ ብርድ ልብሱ ላይ ቆመ። "አምስተኛዋ የኔ ናት ብሎ ማን ነገረህ?" አለችኝ።

"እ... ማለቴ... ተቆጥተሽ ስትወጪ አይቼሽ..."

"የኔ አንደኛዋ ናት። ስትቀዳ የወይራዬን ሽታ ለየሁት።"

"የወይራዋ?"

"አዎ። የሐረጓ ናት ያልካት። እንዲህ የምትጠምቅ ሌላ ሴት የለችም ያልክላት።"

አጠገቧ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

"ጥሩ ስትሆን የሐረጓ ናት። ውሃ ውሃ ስትል የኔ ናት" አለች፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ። "ክርስትናው ላይ የመጡት ሰዎች ይሄው አሥራ አንድ ዓመት ሽንኩርት ሰጡኝ። እነሱ ይስጡኝ፣ ባዕድ ናቸው። አንተም ከነሱ ጋር ኖረሃል ለካ።"

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቤታችን ውስጥ ደግሞ አንዲት ራስ ሽንኩርት አልነበረችም።

ሰው አንዳንዴ እግሩ ከጭንቅላቱ ይሻላል። ምንም ሳልናገር ወጥቼ እትዬ ወርቄ ግቢ ተመልሼ ገባሁ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው የቀረውን ሽንኩርት ይከትፋሉ። እኔን ሲያዩ "ቧንቧው መጣ!" ብለው እንደገና ሳቁ። ሐረጓም ቢላዋዋን ይዛ እንባዋን እየጠረገች ትስቃለች። ሁሉም እስኪጨርሱ ጠበቅሁና "እትዬ፣ አንድ ነገር ልናገር ነው የመጣሁት" አልኩ። "አንደኛዋን ጠላ የሐረጓ ናት ያልኩት ተሳስቼ ነው። የአስናቀች ናት። ጥሩ ስለሆነች የሚስቴ አትሆንም ብዬ ነው የሐረጓ ያልኳት። እንግዲህ የኔን ነገር እዩት።"

እትዬ ወርቄ ትኩር ብለው አዩኝ። "አንተ ቧንቧም ታደንቃለህ፣ ጠላም ታደንቃለህ። የትኛውን ምላስህን ልመን?" አሉኝ።

"የመጀመሪያዋን እትዬ። ከበሞቴው በፊት የነበረችውን።"

ሰኢድ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ "ወላሂ እውነቱን ነው። ቁጥር አንድ አስናቀች" ብሎ አነበበ። ሐረጓ ወዲያው ቢላዋዋን አስቀምጣ "ያቺ የጠላ ወሬ የተባለችውስ? አምስተኛዋ የማን ናት? አንብበው እንጂ!" አለችው። ሰኢድ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ፣ ከዚያ "እዚህ ጋ ጠላ ፈሶበት ጠፍቷል" አለ። እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ አየሁት፤ ወረቀቱ ደረቅ ነው፣ ጽሑፉም የሐረጓን ስም ነው የሚለው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ እናንተም አደራችሁን።

እትዬ ወርቄ ከአንደኛዋ በርሜል አስቀዱና አንድ ጉንጭ ብቻ ወሰዱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም አብሬ ጨፈንኩ። "ለሽማግሌዎቹ ይቺ ትቀመጥ" አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ወደኔ ዞረው "በል አንተ፣ ና ቁጭ በል። የቀረውን ሽንኩርት የምትከትፈው አንተ ነህ" አሉኝ። አንድ ድፍን ጆንያ ነበር። እንባዬ እየወረደ ስከትፍ አስናቀች ወሬውን ሰምታ መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና ጠጋ አለች። ቢላዋውን ቀና አድርጋ አስያዘችኝና "ጣትህን" ብላኝ ሄደች። እርቅ መጀመሩን በዚህ አወቅኩ።

በማግሥቱ ሠርጉ ደራ። ስምንት ሰዓት ገደማ ሰኢድና አንድ ጎረምሳ የሽማግሌዎቹን በርሜል ባዶውን፣ አፉን ደፍተው፣ ከድንኳኑ ኋላ ሲያወጡት አየሁ። እኔ እስከዚያ ጠብታ አልቀመስኩም። በውሃ ተጉመጥምጬ፣ ዳቦ ቆርሼ፣ ምላሴን አሳርፌ እንደ ሕፃን ቁጭ ብያለሁ። አስናቀች በሐበሻ ቀሚሷ፣ ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ብርጭቆዬን ሞላችልኝ። ከዚያ ወገቧን ይዛ "በል እስቲ፣ ዛሬስ የማን ናት?" አለችኝ። በዙሪያችን ያሉት ሁሉ ዞረው ያዩን ጀመር። ሐረጓም ከወዲያ ጥግ አንገቷን አሰገገች።

አንድ ጉንጭ ወሰድኩ። ጭሷ የጠነከረ፣ ጌሾዋ ዘግይታ የምትመጣ፣ ወፍራም ጠላ። የሐረጓ ናት፤ ቁርጥ የሐረጓ። እንዴት ያለች ጠላ መሰለቻችሁ! ይህችን ነው የጠላ ወሬ ያልኳት።

ራሴን ቀና አደረግኩና ድንኳኑ እስኪሰማ ድረስ "ያንቺ ናት አስኒ! ካንቺ ሌላ እንዲህ የሚጠምቅ ማን አለ?" አልኩ።

አስናቀች ማንቆርቆሪያዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። "የኔማ ድሮ አልቃለች!" አለች፣ ከኔ ድምፅ በላይ ድምፅዋን አንስታ። "ሽማግሌዎቹ ጠብታ አላስቀሩም! አያችሁልኝ ይሄን ሰውዬ? ምላስ የለውም እኮ!"

"የለኝም" አልኩና ብርጭቆዬን ጨለጥኩ።

"በሞቴ ድገም" አለችኝ።